የአባት ስም የገባው ፕሮግራም፦ ከግራምፕስ ጋር ስምንት ወር

ባለፈው እሁድ የእህቴን ልጅ ዳርን። ጥር ነውና ሰፈሩ ሁሉ ድንኳን በድንኳን ሆኗል፣ አንዱ የኛ ነበር። ይህ ሰርግ አምና ግንቦት ላይ ሊቀር ምንም አልቀረውም። ሊያስቀረው የነበረው ደግሞ ሰው አይደለም። ወንድሜ ከውጭ በካርዱ የከፈለልኝ፣ ክፍያው በየዓመቱ የሚታደስ የትውልድ መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው። ልጁና ልጅቷ አራተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ ብሎ አወጣልኝ። በኛ ቤት ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም።

እኔም አመንኩት። ለእህቴ ደወልኩ። እህቴ አለቀሰች። ልጁ ሦስት ቀን ስልኬን አላነሳም። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆርጦ ስለነበር፣ የቀረው ነገሩ ለልጅቷ ቤተሰብ እንዴት ይነገር የሚለው ብቻ ነበር።

የፕሮግራሙን ስም አልጠራም፤ የምጠራው በሱ ፈንታ የያዝኩትን ግራምፕስ የሚባለውን የትውልድ መመዝገቢያ ነው። ስህተቱን ግን በደንብ ልንገራችሁ፤ ምናልባት እናንተም አሁን የምትሞሉት ያንኑ እየሠራባችሁ ይሆናል።

ሰው ሲመዘገብ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ "ስም" ይላል፣ ሌላው "የቤተሰብ ስም"። እኔ ሁለተኛው ላይ የአባት ስም ጻፍኩ፤ ሌላ ምን ይጻፋል? ፕሮግራሙ ግን የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ እንዳለ የሚወርድ ነገር ነው ብሎ ነው የተሠራው። ልጅ ስትጨምሩ የአባትየውን ሁለተኛ ስም ራሱ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ሁላችንም በምናውቃቸው ሰዎች ላሳያችሁ። ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልን አስገቡ። ልጃቸው "ተፈሪ ወልደ ሚካኤል" ሆነው ይመጣሉ። የልጅ ልጃቸውም "አስፋ ወሰን ወልደ ሚካኤል"። እቴጌ መነን አስፋው ደግሞ ባል አግብተዋልና "መነን ወልደ ሚካኤል" ይባላሉ። አባታቸው አስፋው ከስማቸው ላይ ጠፉ ማለት ነው።

እኔ ሦስት መቶ ምናምን ሰው ነው ያስገባሁት፣ ከሥራ መልስ፣ ሌሊት ሌሊት። ሳጥኑ ቀድሞ መሞላቱን ሁልጊዜ አላየሁም። ስለዚህ የአንዱ ቅድመ አያቴ ዘር በሙሉ ተሰማ፣ ተሰማ፣ ተሰማ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ ፕሮግራሙ አንድ ቀን "ተመሳሳይ ሰዎች አግኝቻለሁ፣ ላዋህዳቸው?" አለኝ። ስማቸው አንድ ነው። የአንዱ ልጃቸው ስም እንኳ አንድ ነው። ዘመናቸው ይቀራረባል። አዎ አልኩ። ሁለት ቤተሰብ የደባለቀችው ያቺ አንዲት ክሊክ ናት።

ነገሩን ያወቀችው አክስቴ ናት። ሰማንያ አልፏታል። ቤቷ ስደርስ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። የሆነውን ነገርኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ምስሩን በመዳፏ ጠረግ አድርጋ የሰፌዱን ግማሽ ባዶ አደረገችና አንዲት ፍሬ አስቀመጠች። "ይኼ ልጃችን።" ከበላዩ ሌላ። "እናቱ።" ከበላዩ ሌላ። እንዲህ እያለች ሰባት ድረስ ወጣች። ከዚያ ጎኑ ላይ የልጅቷን ጀመረች። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ወጡ እንጂ የትም አልተነካኩም።

"ይኼኛው ተሰማ የተጉለቱ ነው ልጄ። የኛ ተሰማ የመንዝ ሰው ነው። አንድ ናቸው ያለህ ማን ነው?"

አክስቴ ይህን ያወቀችው አባቷ ርስት ሲሟገቱ እየሰማች ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት ድረስ መዘርዘር ያልቻለ ሰው መሬት አያገኝም ነበር። የካቲት 1967 በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ሙግቱ ቀረ፣ ቆጠራው ግን አፏ ላይ እንዳለ አለ።

ከሻጮቹ ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። "እኛ ጋ እኮ የዓለም መዝገብ አለ፣ ዘመድዎን ራሱ ፈልጎ ያገኝልዎታል" ይላሉ። የኔ ቅድመ አያቶች መዝገብ ላይ የሉም፣ ያሉት አክስቴ አፍ ላይ ነው። "የቤተሰብ ስም ካልተሞላ ፍለጋው አይሠራም" ቢሉኝም አልቀበልም። የቤተሰብ ስም የሌለው ሕዝብ አለ፣ እኛ ነን። በዚያ ላይ በአንድ ስም ብቻ ወደ ላይ የሚፈልግ ፕሮግራም የእናትን ወገን ይደብቃል። ድሮ ለርስት፣ ዛሬም ለጋብቻ የእናት ወገን እኩል ነው የሚቆጠረው። ለዚህ ነው በዚያ ግዢ እስከ ዛሬ የምቆጨው።

ግራምፕስን ያወረድኩት በዚያው ሳምንት ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ በፈረንጅ ከ2001 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ። ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይከፈታል። ፋይሉ እኔው ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ኔትወርክ ጠፋ ቀረ ብዬ አልጨነቅም።

ሴቲንጉን ስከፍት ያየሁትን መቼም አልረሳውም። የልጅን ሁለተኛ ስም እንዴት ልገምት ብሎ ይጠይቃል። የአባቱን ልውሰድ? የአባትና የእናቱን ላጣምር? እንደ አይስላንዶች ላድርግ? ወይስ ምንም አልገምት? አይስላንዶችም እንደኛ በአባት ስም ነው የሚጠሩት። ይህን የሚያውቅ ሰው ይህን ፕሮግራም ሲሠራ አጠገቡ ነበር ማለት ነው። እነሱ "ልጅ" የሚል ቅጥያ ስለሚጨምሩበት ለኛ አይሆንም። "ምንም" የሚለውን መረጥኩ። በቃ፣ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ከዚያ እያንዳንዱ ሁለተኛ ስም ከየት እንደመጣ መግለጫ ቦታ አለው። "የአባት ስም" የሚለውን አማራጭ ትመርጣላችሁ። ስም ሲታይ ደግሞ መጀመሪያ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት ስም እንዲመጣ አቀማመጡን ራሳችሁ ትሠራላችሁ። ሚስትም በአባቷ ስም ትቀመጣለች፣ ማንም አይነካባትም።

ከሁሉም የወደድኩት ግን አንድ ሰው ብዙ ስም ሊኖረው መቻሉ ነው። የስሙን ዓይነት በራስህ ቃል ትጽፋለህ። እኔ "የክርስትና ስም" እና "የፈረስ ስም" ብዬ ጨመርኩ። ተፈሪ መኮንን የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ነው፤ ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ይቀመጣሉ። በኛ ቤት አንዱ ወገን አያቱን በዓለም ስም ሲቆጥር ሌላው በክርስትና ስም ይቆጥራል፣ ሁለቱ ሽማግሎችም ሳይግባቡ ይውላሉ። አሁን ሁለቱንም ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። ክርስትና አባትና እናትንም ለየብቻ ማያያዝ ይቻላል።

የድሮውን ፋይል ጌድኮም በሚባለው ፕሮግራሞች ሁሉ በሚግባቡበት ዓይነት አውጥቼ ነበር። በጽሑፍ ማንበቢያ ከፍቼ ሳየው "የቤተሰብ ስም" ያለው ሁሉ በሁለት እዝባር ታጥሮ ተቀምጧል፣ ከነስህተቱ። ጣልኩትና ከባዶ ጀመርኩ፣ አክስቴ አጠገብ ተቀምጬ። አራት ወር ፈጀብኝ። አይቆጨኝም።

ስትጀምሩ ፊደል ላይ ሕግ አውጡ። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ናቸው። እኔ ዘግይቼ ነው የነቃሁት። ፍለጋው ላይ ሦስቱንም ሆሄ በቅንፍ አስገብቶ በአንዴ መፈለግ ስለሚቻል አገኘኋቸው።

የዘመን አቆጣጠሩ ላይ ሥራ አለ። ግሪጎሪያን፣ ጁሊያን፣ የዕብራይስጥ፣ የእስልምና እያለ ያስመርጣል፣ የኛ የለበትም። ጁሊያንን ሞከርኩ፣ ወሩም ዓመቱም አይገጥምም። ስለዚህ ዋናውን ቀን በፈረንጅ እሞላና የኛን ማብራሪያው ላይ በቃል እጽፋለሁ። አክስቴ ስለ ታላቅ ወንድሟ ስትነግረኝ "የማይጨው ዓመት ነው የተወለደው" ትላለች። ማይጨው መጋቢት 1928 ነው። 1928 ብዬ ዝም ብዬ ብሞላ ኖሮ አጎቴ አያቴ ሳታገባ በፊት ይወለድ ነበር። በፈረንጅ 1936 "ገደማ" ብዬ ሞላሁ፣ "ገደማ" የሚል ምርጫ አለው። የአክስቴን ቃልም እንዳለ ከጎኑ አስቀመጥኩት።

መልኩ እንደ ተከፋዩ አያምርም። ያ እኔን አላስቸገረኝም።

ልጁና ልጅቷን በአዲሱ ሳስቆጥራቸው ዝምድና የላቸውም አለኝ፣ እንደ ምስሩ። ሽማግሎቹም ሄዱ።

ሰርጉ ማግስት ሙሽሪትን የልጃችን ሚስት ብዬ አያያዝኳት፣ በአባቷ ስም እንዳለች። ላፕቶፑን ይዤ አክስቴ ጋ ሄድኩና የሙሽሪትን ወገን ከታች ወደ ላይ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፣ በየስሙ ራሷን ትነቀንቃለች። ስድስተኛው ላይ ስደርስ በእጇ አስቆመችኝ።

"የክርስትና ስሙን አልጻፍክም" አለች።

ነገረችኝ፣ ጻፍኩት፣ ቀጠልን።