ዓባይ ማዶ ያለው የልጆች ማሳደጊያ፦ የአንዲት አክስት አስተያየት

የማሳደጊያውን ስም የማልጽፈው ለልጁ ብዬ ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ ከገባ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። እናቱ ካረፈች በኋላ እኔው ጋ ነበር። እኔ ደግሞ ጣና ዳር ቡና አፍልቼ የማድር ነኝ፣ ቀን ቀን ማን ይይዘዋል? መናኸሪያ ለመደ። መጀመሪያ አንድ ቀን አደረ፣ ከዚያ ሦስት፤ በኋላ ጭራሽ ስድስት ሳምንት ጠፋብኝ። ሲገኝ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትምህርቱ ግን አንደኛ ክፍል ላይ ቀርቷል።

ማሳደጊያ ይግባ ሲሉኝ ሁለት ነገር ፈራሁ። አንደኛው ፈረንጅ አገር ይልኩብኛል የሚል ነው። ሶሻል ወርከሯ የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 በሕግ እንደተከለከለ አስረዳችኝ። ደግሞም ዘመድ ያለው ልጅ ማሳደጊያ የሚገባው ሌላው መንገድ ሁሉ ሲያልቅ ነው፣ አንቺም ስትቋቋሚ ትወስጂዋለሽ አለችኝ። ሁለተኛው ፍርሃቴ ማተቡ ነበር። ቤቱ የፕሮቴስታንቶች ነው፣ እኛ የሽምብጥ ሚካኤል ሰዎች ነን። መጀመሪያ የጠየቅሁት ቀን ሰላም ሳልለው አንገቱን ነው ያየሁት። አለ። በኋላ ክሩ ነትቦ ሲበጠስ በወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠው ሰጡኝ፣ እኔው አሰርኩለት። ማታ ማታ በጊታር ይዘምራሉ፤ እሱም አብሮ ይዘምራል፣ አልዋሽም። ዓርብ እንቁላል ሰጡት ብዬ ስቆጣ ለእሱ ሽሮ አደረጉለት። እሱ ግን እስከ ዛሬ ለእንቁላሉ ይቅር አላለኝም።

ልቤን የገዛችው ማሳደጊያው ውስጥ የምትይዘው «የቤት እናት» ናት። ልጁ ጫማውን አያወልቅም ነበር፣ መናኸሪያ የተኛ ያውቀዋል፣ ካወለቅህ ጠዋት የለም። አልጋ ላይ በጫማ! እኔ ብሆን በጥፊ ነበር። እሷ ማታ ማታ እርጥብ ጨርቅ ይዛ አልጋው ጫፍ ትቀመጥና ሶሉን ትጠርግለታለች፣ ከዚያ አንሶላውን ታለብሰዋለች። ሁለት ወር ሙሉ። አንድ ቀን ራሱ አውልቆ ትራሱ ስር ከተተው፣ አሁን በር ላይ ከሌሎቹ ጫማ ጋር ይደረድረዋል።

ትምህርት ቤቱ እዚያው ግቢ ነው፣ የሰፈር ልጆችም ይማሩበታል። ይህን ወድጄዋለሁ፣ «የማሳደጊያ ልጅ» የሚል የለም። ከትንንሾቹ ጋር ሳያስቀምጡ ለብቻ እያስጠኑት ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል። እንግሊዝኛው ደካማ ነው፣ የአስተማሪውም ጭምር።

አሁን ቅሬታዬ። ጥየቃ በወር አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻው እሑድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። እሑድ ደግሞ የእኔ ገበያ የሚደራበት ቀን ነው። ቢሮ ስልክ ብትደውሉ የሚያነሳ የለም። ጥቅምት ላይ ልጁ ታሞ ሐኪም ቤት ወስደውት ኖሯል፤ የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ከራሱ አፍ ነው። «ትንሽ ጉንፋን ነበር» አሉኝ። ቢሆንስ? ከአምስት ኮከብ አንዱን የነሳኋቸው ለዚህ ነው።

ልጅ ማስገባት የምትፈልጉ በቀጥታ በራቸውን አታንኳኩ፣ ይመልሷችኋል። ከቀበሌ ጀምራችሁ በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ነው የሚገባው። ለጥየቃ ስትሄዱ ከረሜላ አትያዙ፣ በር ላይ ይወስዱባችኋል፤ ሙዝና ማንጎ ያስገባሉ። ጫማ የምትወስዱ ከሆነ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የእኔው በዓመት ሁለት ቁጥር ጨምሮ ለፋሲካ የገዛሁለት አልገባው ብሎ አጠገቡ ለሚተኛው ልጅ ሰጠው።