በመዳፉ የሚያነብ ጎሚስታ

ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ መኪናዬም የራሷ ደብተር አላት። ነጭ ቪትዝ ናት። ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ሊትሩንና ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር እጽፋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄድ ኖራ ባለፈው ዓመት በድንገት ወደ 13 ወረደች። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማደያውን ነበር። ማደያ ቀየርኩ፣ ያው 13። ካንዴላ አስቀየርኩ፣ የአየር ማጣሪያ አስቀየርኩ፣ ያው 13። ምስጢሩን የፈታልኝ መካኒክ አይደለም፤ ገርጂ ውስጥ፣ አንድ አጥር ጥግ ላይ የሚሠሩ ሽማግሌ ጎሚስታ ናቸው።

ሱቅ ልበለው እንጂ ሱቅ አይደለም። ቆርቆሮ የለበሰ ጥላ፣ ሲነሳ ጆሮ የሚበጥስ ኮምፕሬሰር፣ የተቀደደ ጎማ የሚነከርበት በግማሽ የተቆረጠ በርሜል፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ ነጭ ቀለም የተቀባ አሮጌ ጎማ አለ። ሁለት መኪና ከተገኘ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው የሚቆመው። መቀመጫ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ የተቀመጥኩት ጎማ ላይ ነው፤ ቀሚሴ እስካሁን ይመሰክራል።

የሄድኩት የፊት ግራ ጎማ አየር እየቀነሰ ስላስቸገረኝ ነበር። ጋሼ (ሁሉም እንዲሁ ነው የሚጠራቸው) አየሩን ከመሙላታቸው በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው እንዳዞር አደረጉኝና ቁጢጥ ብለው የጭቃ መከላከያውን በባትሪ አዩ። ፕላስቲኩ ተፍቆ አንጸባርቋል። እኔ መኪና ሳቆም የምሰማው «ክርር» የሚል ድምፅ ከዚያ ነበር የሚመጣው።

«ይህን ጎማ ማን አሰረልሽ?»

«የሸጠልኝ ሰው ነው ጋሼ። መኪናዋ ከፍ ትልልሻለች ብሎኝ።»

«ከፍስ ብላለች። እስቲ ስኮርታሽን አሳዪኝ።»

ስኮርታው፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማው፣ ከጃፓን አብሯት የመጣ ነው፤ ወርዶ አያውቅም። ጎኑ ላይ 165/70አር14 ይላል። የታሰሩት አራቱ ግን 185/70አር14 ናቸው። ሁለቱም ላይ 70 እና 14 ስላለ ሻጩ «አንድ ነው፣ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ» ሲለኝ አምኜዋለሁ። ባለሙያ ነኝ ባይዋ ሒሳብ ሠራተኛ ያፈርኩት እዚህ ላይ ነው። 165 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፣ 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ መሀል ያለው 70 ግን ቁመት ሳይሆን መቶኛ ነው። የጎማው ጎን ከወርዱ 70 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። የ165ቱ 70 በመቶ 115.5 ሚሊ ሜትር፣ የ185ቱ ደግሞ 129.5 ነው። ከላይም ከታችም ስለሚጨምር ጎማው በጠቅላላው 28 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ወርዱን ማስፋት ከፈለጉ መቶኛውን መቀነስ ግድ ነው፤ 175/65አር14 ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ አራት ሚሊ ሜትር አይሞላም ነበር።

ማታ ደብተሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር አምስት በመቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ይጨምራል፤ ቆጣሪው ግን ዙሩን እንጂ መንገዱን አያውቅም። እርሱ 100 ሲል እኔ ወደ 105 ሄጃለሁ። ፍጥነቱም እንደዚያው፤ መቶ ላይ ነኝ ብዬ ስነዳ ከመቶ በላይ ነበርኩ። በሊትር ከጠፋብኝ ኪሎ ሜትር አብዛኛው እየተነዳ ያልተመዘገበ ነው። ያማሁትን ማደያ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ጎማውን ፈትተው መሬት ላይ ካጋደሙት በኋላ ዓይናቸውን ሳይሆን መዳፋቸውን ነው የላኩት። ከውጭ ወደ ውስጥ ዳሰሱት፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ። «አንቺም ሞክሪው» አሉኝ። በአንድ በኩል ስሄድ እጄ ይንሸራተታል፤ ስመለስ እንደ መጋዝ ጥርስ ይይዘኛል። የውስጠኛው ጠርዝ ደግሞ በልቶ በልቶ ሽቦው ብቅ ሊል ምንም አልቀረውም፤ የውጨኛው ግን አዲስ ይመስላል። ቆሜ መኪናዬን ሳያት የሚታየኝ ያ አዲሱ ጠርዝ ብቻ ነበር።

የጎማ አበላል የራሱ ፊደል እንዳለው ያስተማሩኝ ያን ቀን ነው። ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መሀሉ ከቀረ አየር አንሶታል፤ መሀሉ ብቻ ካለቀ አየር በዝቶበታል። አንድ ጠርዝ ብቻ ከበላና እንደ መጋዝ ከያዘ ጎማዎቹ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው አይሄዱም። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ስፕሪንጉንና ሾክ አብዞርበሩን፣ እንዲሁም የጎማውን ሚዛን (ባላንሱን) መጠርጠር ነው። የእኔ የኋላ ጎማዎች መሀላቸው አልቋል፤ ሻጩ አራቱንም በአየር መለኪያው 40 (ፒኤስአይ) ሞልቶ ነው የሸኘኝ። ክሪክ አስገብተው የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ደግሞ ቴስቲናው (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) «ቋ ቋ» አለ።

ጋሼን የወደድኳቸው ከዚህ በኋላ ባደረጉት ነው። ሁለት የፊት ጎማ ይሽጡልኝ ስላቸው እምቢ አሉ። ቴስቲናው ሳይቀየር፣ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ሳይሠራ አዲስ ጎማ ማሰር ብሬን አስፋልት ላይ መፋቅ ነው ብለው ሰደዱኝ። እርሳቸው የአላይመንት ማሽን የላቸውም፤ ለዚያ ሌላ ቦታ ሄጄ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ሁሉንም በአንድ ቦታ መጨረስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሌላም አለ። ጎማዎቹን ለማምጣት ሦስት ቀን አስጠበቁኝ፤ ሲመጡም 165/65 ሆነው ተገኙ። «ትንሽ ዝቅ ቢል ነው» አለ ረዳታቸው። አንዴ በ«ትንሽ» የተቃጠልኩ ነኝ፤ መለስኳቸው። በማግሥቱ ትክክለኛዎቹ መጡ፣ አንዱ 8,200 ብር። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቀን አየሁ፤ 2324 ይላል፤ በአውሮፓውያኑ 2024 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፣ በእኛ ግንቦት 2016 መጨረሻ። የስኮርታዬ 2211 ነው። ዕድሜውን ሲሰሙ ጋሼ ሳቁ፤ ከእንግዲህ ለበረባሶ እንጂ ለመንገድ አይሆንም አሉ። ረዳቱ ጎማውን በብረት ፈልቅቆ ሲያስገባ አንዱን ቸርኬ ጫረብኝ። ይቅርታ ጠይቋል፤ ጭረቱ ግን አለ።

ስለ አየሩ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጎሚስታ «ስንት ላድርገው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። መልሱ የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ጉበኑ ላይ ተለጥፏል። የእኔ ፊት 230፣ ኋላ 220 ኪሎ ፓስካል ይላል፤ በጎሚስታው መለኪያ 33 እና 32 ማለት ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ የአየር ቁጥር መሞላት ያለበት ሳይሆን የመጨረሻው ገደብ ነው። ደግሞም መለካት ያለበት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጋሼ ከቦሌ በሰልፍ መጥቼ ሲለኩልኝ 36 አለ፤ አላስተነፈሱትም። «ነገ ከቤትሽ እንደወጣሽ ነይ» አሉኝ። በማግሥቱ 33 ሆኖ አደረ።

የራሴን መለኪያ ይዤ ሄጄ ነበርና ከኮምፕሬሰራቸው ጋር ሁለት ቁጥር ተለያየን። ጠብ ሊነሳ ነው ስል ከኪሳቸው በክር የታሰረ ሌላ መለኪያ አወጡ፤ ከእኔው ጋር ተስማማ። ወዲያው ጠመኔ አንስተው ኮምፕሬሰሩ ላይ «2 ቀንስ» ብለው ጻፉ። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ጽሑፉ አለ።

እናቴ አዳማ ናት። ቆላ ስወርድ አየር ላስተንፍስ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ዘመዶቼ ሁሉ የሚመክሩኝ ይህንን ነው። ጋሼ አልተስማሙም፤ በፈጣን መንገድ ላይ አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ሞቆ ነው የሚፈነዳው አሉኝ። እኔም ሞከርኩት፤ አዲስ አበባ ጠዋት 33፣ አዳማ አድሬ ጠዋት 33። ሙቀቱ የጎማውን ግፊት ሲጨምረው፣ በዝቅተኛው ቦታ የከበደው የውጭ አየር ደግሞ ከመለኪያው ላይ ያንኑ ያህል ቀነሰው።

ደብተሬ ከመስከረም ጀምሮ ወደ 14 ተመልሷል። የድሮዎቹን ሁለት የኋላ ጎማዎች ጋሼ ለሌላ መኪና ይሆናሉ ብለው ወሰዱና 600 ብር ቀነሱልኝ። ደረሰኝ ጠየቅኋቸው። ጠመኔውን አነሱ።