ካን-አም ስፓይደር አርቲ 1330፦ ሞተሩ ይቆያል፣ ጣጣው ዙሪያው ላይ ነው

ያገለገለ ስፓይደር አርቲ፣ ሁለት ጎማ ከፊት አንድ ከኋላ ያለውን ባለ ሦስት እግር ሞተርሳይክል፣ ለመግዛት የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ማይል እንደሄደ ነው። ከማይሉ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ፣ የእጅ ባትሪ አብርቶ፣ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ቺንጋ ከሞተሩ የሚነሳበትን የፊተኛውን ፑሊ ማየት ይሻላል። መሃል ላይ ባለው ቡሎን ዙሪያ ደቃቅ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት ከታየ፣ ስለ ዋጋው ገና ብዙ መነጋገር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ዱቄቱ ዝገት ነው፤ ግን ከዝናብ የመጣ ዝገት አይደለም። ፑሊው የሚገባው ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በሚወጣው ዘንግ ጥርሶች ላይ ነው። ሁለቱ በደንብ ካልተጣበቁ ነዳጅ በተሰጠና በተለቀቀ ቁጥር ትንሽ ይነቃነቃሉ፤ ብረት ብረትን ይፈጫል፣ የተፈጨው አየር ሲያገኘው ይቀላል። ችግሩ በብዛት የታየው 1330 ሞተር ገና ሲመጣ፣ ከ2014 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ምርቶች ላይ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት የሚለወጠው ፑሊውና ቡሎኑ ብቻ ነው። ከተተወ ግን የዘንጉ ጥርስ ራሱ ይበላል። ዘንጉ ደግሞ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ እሱን ለመለወጥ ሞተሩን አውርዶ መክፈት ግድ ይላል። ትንሽ ወጪና ትልቅ ወጪ የሚለያዩት እዚች ላይ ነው።

ሥራው ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። የመሃሉ ቡሎን በሙጫ የታሰረና በጣም የጠበቀ ነው። ቺንጋው ከመላላቱ በፊት፣ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይዞ፣ ቡሎኑ ገና በመጀመሪያ ይላቀቅ። ቺንጋውን አስቀድሞ ያላላ ሰው ፑሊው አብሮት ስለሚዞር መያዣ ያጣል። ቡሎኑ ከተላቀቀ በኋላ የኋላ ጎማ ዘንግ ይላላል፣ ማስተካከያዎቹ በግራም በቀኝም ስንት ዙር እንደተፈቱ ተቆጥሮ ይጻፋል፣ ቺንጋውም ይወጣል። ፑሊው ሲወጣ የሁለቱንም ጥርሶች በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽና በብሩሽ አጽድቶ በጥፍር መዳሰስ ነው። ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካለ ወይም የጥርሱ ጫፍ ከሾለ ፑሊው አልቋል። ደህና ከሆነ ሞሊብደነም የበዛበት ወፍራም ቅባት በስሱ ይቀባል። ተራ ግራሶ እዚህ ቦታ አይሠራም፤ ሲሽከረከር ተረጭቶ ያልቃል፣ ቺንጋውንም ያበላሻል። ቡሎኑ በአዲስ ይተካ፣ ሰርቪስ ማኑዋሉ ላይ ባለው ልክ በቶርክ መፍቻ፣ የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካው፣ ይጥበቅ። በግምት የሚጠብቅ ቡሎን አይደለም።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት የሞተሩ ስም ከፑሊው ጋር አብሮ እንዳይጠፋ ነው። በኦስትሪያው ሮታክስ የሚሠራው ባለ ሦስት ሲሊንደር 1330 ጠንካራ ሞተር ነው። ሲሊንደሮቹ 84 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ፒስተኑ 80 ሚሊ ሜትር ጉዞ አላቸው፤ ጉልበቱ 115 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ7250 ዙር፣ ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) 130 ኒውተን ሜትር በ5000 ዙር ነው። ክብደቱ ባዶውን ከ450 ኪሎ በላይ ለሆነ፣ ሁለት ሰውና ሻንጣ ለሚጭን ነገር ይህ ቶርክ በዝቅተኛ ዙር መገኘቱ ሞተሩን ከመጨነቅ ያድነዋል። ከ2013 በፊት የነበሩት አርቲዎችም ሆኑ የ2013ቱ የተሸከሙት 998 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ነው፤ 990 ይሉታል። እሱ የእሽቅድምድም ጠባይ ያለው፣ ዙር የሚወድ፣ ሙቀቱ የጎን ሽፋኖች ውስጥ የሚታፈን፣ ዘይትም ቶሎ ቶሎ የሚፈልግ ነው። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ዋጋው ምንም ያህል ቢያማልል ከ2014 ወዲህ ያለውን መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ዘይቱ። የ1330 መደበኛ የዘይት ልውውጥ በየ15,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በ9,300 ማይል፣ ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው ነው። የመጀመሪያው ግን በ5,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) የሚያጠጣው አንድ ዘይት ስለሆነ የመኪና ዘይት አይገባበትም። ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ የሚጨመርበት ማለስለሻ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ 5-ደብልዩ-40 የሚለው የውፍረት ቁጥርና ጃሶ ኤምኤ2 የሚለው የሞተርሳይክል ዘይት ደረጃ መኖሩን አይቶ መግዛት ነው።

ከፊል አውቶማቲክ ማርሽ ያለው፣ ኤስኢ6 የሚባለው፣ ሁለት የዘይት ፊልትሮ አለው። አንዱ የሞተሩ ነው። ሁለተኛው ፍሪሲዮኑንና ማርሹን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ፊልትሮ ነው። ዘይት ለዋጮች፣ አንዳንድ ጋራዦችም ጭምር፣ ይህን ሁለተኛውን ይዘሉታል። ሞተሩ ለዚህ ወዲያው አያኮርፍም፤ ቆይቶ ግን ማርሽ ሲገባ መጎተት፣ ከቆመበት ሲነሳ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ማፍሰሻ ቡሎኖቹም ሁለት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የፈታ ሰው አዲስ ዘይት ከአሮጌ ጋር ቀላቀለ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠረጴዛ ላይ መደርደር ያለባቸው፦ ሁለት ፊልትሮ፣ ለፊልትሮ ክዳኖቹ አዲስ ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች)፣ ለማፍሰሻዎቹ አዲስ ሮንዴላዎች፣ 5 ሊትር ዘይት፣ ሰፊ ሳፋ፣ የቶርክስ (ኮከብ ቅርጽ) መፍቻዎች፣ ቶርክ መፍቻ።

አብዛኛውን ሰዓት የሚበላው ዘይቱ ሳይሆን ፕላስቲኩ ነው። የጎን ሽፋኖቹ በቶርክስ ቪቴዎችና በፕላስቲክ ሪቬቶች የተያዙ፣ ከጀርባቸውም ጎማ ውስጥ የሚገባ ጣት ያላቸው ናቸው። ጣቱን በቀጥታ ወደ ውጭ ካልሳቡት፣ አጣመው ከጎተቱት፣ ይሰበራል። ብርድ ላይ ደግሞ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ ጋራዡ ሞቅ ባለ ቀን መሥራት ይመረጣል። ቪቴዎቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ በካርቶን ላይ የሽፋኑን ቅርጽ ስሎ እያንዳንዱን በየቦታው መሰካት ቆይቶ ከመፈለግ ያድናል።

ዘይቱ ሞተሩ ትኩስ እንዳለ ይፍሰስ። ማግኔት ያለበት ቡሎን ሲወጣ ጫፉ ላይ ጥቁር ግራጫ፣ ጭቃ የመሰለ ልስልስ ነገር ይገኛል፤ በጣት ሲታሽ የማይሻክር ከሆነ የተለመደ ነው። የሚወጋ ስንጣሪ ወይም የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ካለ ግን የካምቢዮ ወይም የኩሽኔታ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር መንገድ መውጣት የለበትም። የፊልትሮ ክዳኖቹ ቡሎኖች ትናንሾች ናቸው፣ የሚገቡትም አልሙኒየም ውስጥ ነው። ኦሪንጉ እንጂ ጉልበት አይደለም ዘይቱን የሚይዘው፤ ከልክ በላይ ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ነቅሎ ያወጣዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ሙሉው ልክ ወደ 5 ሊትር ይጠጋል፤ ሁሉንም በአንዴ መገልበጥ ግን አይገባም። 4 ሊትር ያህል ጨምሮ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ ጥቂት ደቂቃ በቆመበት ማስኬድና ከሥር የሚንጠባጠብ መኖሩን ማየት ነው። ከዚያ ሌላ ትንሽ ይጨመርና ይነዳል። በቆመበት ማሞቅ አይበቃም፤ ዘይቱ ራሱ እስኪግል 20 ደቂቃ ያህል መንገድ ላይ መሄድ ያስፈልጋል። ተመልሶ ሜዳ ላይ ማቆም፣ ማጥፋት፣ ሳይቆዩ መለኪያውን ማንበብ። ይህ ሞተር ዘይቱን የሚያጠራቅመው ለብቻው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርድና መለኪያው ጎደለ ይላል። ጠዋት ተነስቶ ቀዝቃዛ ለክቶ ግማሽ ሊትር የጨመረ ሰው አትረፍርፏል። የተረፈው በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ቤት ይገባል፣ ፊልትሮው በዘይት ይርሳል፣ ጭስ ይመጣል፤ ሰውየውም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አለቀ ብሎ ይደነግጣል። ዘይት በሁለቱ ምልክቶች መካከል እስካለ ድረስ ከላይኛው መስመር በታች ትንሽ መተው ይሻላል።

ስለ አነዳድ አንድ ነገር። ኤስኢ6 ከዙር ጋር የሚይዝ ፍሪሲዮን ስላለው፣ ዳገት ላይ በነዳጅ ብቻ ይዞ መቆም፣ በትራፊክ መሃል ስንዝር ስንዝር መሳብ ያቃጥለዋል። ፍሬን ይዞ መቆም፣ ክፍተት ሲገኝ ደፈር ብሎ መነሳት ነው። በስድስተኛ ማርሽ ዝቅ ባለ ዙር ዳገት ማስጎተትም ጥሩ አይደለም፤ ሞተሩ ሲያጉረመርም አንድ ማርሽ መቀነስ።

ከሞተሩ ቀጥሎ ብዙ ሰው ሠርቪስ ቤት የሚያስኬደው ባትሪ ነው። ስፓይደሩ የፍሬን፣ የመሪ፣ የሚዛን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች ያሉት በመሆኑ ቮልቴጁ ትንሽ ሲወርድ እርስ በርስ የማይገናኙ የብልሽት ኮዶች ይደረድራል፣ ኃይሉንም ይቀንሳል። ሰው ያን አይቶ ሴንሰር ይገዛል። መጀመሪያ ግን በቮልት ሜትር መለካት ነው፦ ሌሊቱን ያደረ ባትሪ 12.6 ገደማ ካሳየ ደህና ነው፣ ከ12.4 በታች ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ሲያስነሱት ከ10 በታች የሚወድቅ ከሆነ ይለወጥ። የባትሪው ጫፎች ቡሎን በእጅ ሲነካ መነቃነቅ የለበትም። እዚያው ላይ የሙቀት ጓንት፣ የናቪጌተር፣ የተጨማሪ መብራት ሽቦ የተደራረበበት ከሆነ ያን ፈትቶ በፊውዝ ሳጥን ማስተካከል ግማሹን ኮድ ያጠፋል።

ካንዴላዎቹና አየር ፊልትሮው በማኑዋሉ ጊዜ ከተለወጡ ችግር አይሰጡም። ኩላንቱ በየአምስት ዓመቱ ይለወጥ፤ ራዲያተሩ ፊት የተጣበቀ ነፍሳትና አቧራ በቀስታ በሚፈስ ውኃ ይታጠብ፣ ኃይለኛ ግፊት ያለው ውኃ ክንፎቹን ስለሚያጣምም አይጠጋ።

በሀይዌይ ፍጥነት ከእግር ሥር የሚመጣ ንዝረት ሲኖር ሞተር አይጠረጠር፤ ቺንጋው ወይም የኋላ ጎማው ነው። አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ መጥቶ ሲያልፉት የሚጠፋ ከሆነ ቺንጋው እንደ ክራር ጅማት እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ልኩን በመለኪያ ማስተካከል፣ አልበቃ ካለ ከሥሩ የሚገፋ ትንሽ ሮለር ማስገባት ይፈታዋል። ከፍጥነቱ ጋር እየባሰ የሚሄድ ከሆነ የኋላ ጎማ ነው። የኋላው 225/50 አር15 ጠፍጣፋ ጎማ ከመሃል ያልቃል። 28 ፒኤስአይ ላይ መጠበቅ፣ ዳሩ ገና ጥርስ አለው ብሎ አለመታለል፣ መሃሉን በሳንቲም መለካት።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ፣ በቤት መሥራት ለሚወድ ሰው ከሁሉ የሚቀለው የሃርሊ ትራይ ግላይድ ነው፦ ሞተሩ፣ ፕራይመሪው (ከሞተር ወደ ካምቢዮ ኃይል የሚያስተላልፈው ክፍል) እና ካምቢዮው የየራሳቸው ዘይት አላቸው፣ ማፍሰሻዎቹ በግልጽ ይታያሉ፣ ቫልቮቹ በዘይት ራሳቸውን ስለሚያስተካክሉ መለካት የለም። በትራይክ ኪት ሦስት እግር የተደረገ ጎልድዊንግ 1800 ደግሞ በዘንግ ስለሚነዳ ቺንጋም ፑሊም የለውም፣ ስድስት ሲሊንደሩም የታወቀ ነው፤ የአየር ፊልትሮው ዘንድ ለመድረስ ግን ላዩ መገፈፍ አለበት። ስፓይደሩ ከሁለቱም ይልቅ ፕላስቲክ የበዛበት ነው። ግን ሁለት ጎማው ከፊት በመሆኑ ኩርባ ላይ ከኋላ ሁለት ጎማ ካላቸው የበለጠ መሬት ይይዛል፣ ለዚህ ብዬ እኔ የፕላስቲኩን ጣጣ እቀበለዋለሁ።

ክረምቱን ለሚያቆሙት፦ ዘይቱ ከመቆሙ በፊት ይለወጥ እንጂ ጸደይ አይጠበቅ፣ አሮጌ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድና እርጥበት ወራቱን ሙሉ ብረቱ ላይ እንዳይቀመጥ። 26 ሊትሩ ታንክ ሙሉ ይሁን፣ ማቆያ መድኃኒት ገብቶበት ጥቂት ደቂቃ ሞተሩ ይሥራ። ባትሪው ላይ ትንሹ ቻርጀር ይሰካ። በየሳምንቱ አስነስቶ አምስት ደቂቃ አስኬዶ ማጥፋት ግን ይቅር፤ ሞተሩ ሳይግል ይጠፋና ዘይቱ ውስጥ ውኃ ይተዋል።