መብራቱ እየበራ አልሞቅ ያለው የኤሌክትሪክ ሥጋ ማጨሻ፦ የ9 ወር ልምድ

ይህን 800 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ባለፈው ጥር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ጅማ ባለው ቤቴ የኋላ በረንዳ ላይ ካስቀመጥኩት 9 ወር ሆኖታል። ከጾም ወራት በቀር በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ አጭሼበታለሁ። በጣዕሙ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ተረጋግቶ ይቆያል፣ ዶሮውም ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ሳይደርቅ ይወጣል። ለጭሱ የምጠቀመው ወይራ ወይም ቡና ሲጎነደል የሚወድቀውን ግንድ አድርቄ ነው። ጥድ ግን ሙጫው ሥጋውን ያመርረዋልና አልመክርም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የሐምሌው ብልሽት ነው። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ፣ ማጨሻው በዝናቡ ወቅት ሥራ ፈትቶ ከከረመ በኋላ ስሰካው መብራቱ በራ፣ ማሳያውም ቁጥር አሳየ፤ ይሁን እንጂ 40 ደቂቃ ጠብቄም ቁጥሩ ከ21 ፈቅ አላለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የኃይል መዳከምን ነበር። በሰፈራችን ምሽት ላይ፣ በየቤቱ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት፣ ሶኬቱን በቴስተር ለክቼ 172 ቮልት ያገኘሁበት ቀን አለ። የማሞቂያ ጉልበት ቮልቴጁ ከወረደበት በላይ ስለሚወርድ፣ ለ220 ቮልት የተሠራ ባለ 800 ዋት ዕቃ በ172 ቮልት የሚሰጠው 490 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ለመዘግየቱ እንጂ ጭራሽ ለመቀዝቀዙ ምክንያት አይሆንም፤ በዚያ ቀን ደግሞ ሶኬቱ 214 ቮልት ነበረው።

የጠራሁት ወጣት ባለሙያ ዕቃውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ አንድም ነገር ሳይለካ «ጋሼ፣ ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል፤ አዲስ ካልመጣ አይሆንም» አለኝ፤ ሬዚስታንስ ያለው የሚግለውን የማሞቂያ ክፍል ነው። አመስግኜ ሸኘሁትና ራሴ ገባሁበት። ገመዱን ከሶኬት ነቅዬ፣ የጀርባውን ሽፋን የያዙትን 11 ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ፤ ሦስቱ ዝገው ስለነበር አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጁብኝ። ሽቦዎቹን አላቅቄ የሬዚስታንሱን ሁለት ጫፎች ስለካ 61 ኦም ተነበበ። ደህና የሆነ ባለ 800 ዋት ሬዚስታንስ ሊኖረው የሚገባው ኦም 220ን በራሱ አባዝቶ ለ800 በማካፈል ሲሰላ 60.5 ስለሚሆን፣ ተቃጥሏል የተባለው ሬዚስታንስ ደህና ነበር፤ ተበጥሶ ቢሆን ቴስተሩ ምንም መስመር ባላሳየ። ከጫፎቹ ወደ ብረት አካሉ የሚያልፍ መስመርም አላገኘሁም፤ እርጥበት ገብቶ እንዲህ ያለ መስመር ቢፈጠር ዕቃው ሰውን ሊይዝ ይችላል። ከልክ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን የሚቆርጠው መከላከያም ጤነኛ ነበር።

ጥፋቱ የተገኘው ጥፍር በምታክል ማያያዣ ላይ ነው። አንደኛው ሽቦ ሬዚስታንሱ ላይ የሚሰካባት ይህች ብረት እንደ ከሰል ጠቁራ ነበር፣ በፒንሳ ስነካትም ተፈረፈረች። ላላ ብሎ የተያዘ ማያያዣ ራሱ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ላዩ ይጠቁራል፤ ሲጠቁር ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይበልጥ ይቸገራልና ይብሱን ይግላል፤ የክረምቱ እርጥበትም ሳያፋጥነው አልቀረም።

ሽቦውን ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቆርጬ፣ የሬዚስታንሱን ምላስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ሂርማታ ገበያ ካገኘሁት አሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የነቀልኩትን ሙቀት ቻይ ማያያዣ አጥብቄ ገጠምኩ። የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ማያያዣ እዚያ ቦታ ይቀልጣል። ሊድም ቢሆን የተለመደው ዓይነት 190 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚለሰልስ፣ «በሊድ በይደው» ያለኝን የጎረቤቴን ምክር አልተቀበልኩም።

በሠሪዎቹ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው፦ ይበላሻል ተብሎ የሚጠበቀውን ክፍል በ11 ብሎን ከመቅበር አንዲት ትንሽ መክፈቻ ቢተዉለት ምን ነበረበት? ዛሬ ብገዛ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው፤ ሬዚስታንሱ ጋር የሚያደርስ መክፈቻ ከሌለው፣ ዋጋው ቢረክስም አልወስደውም። የእኔን ግን አልሸጠውም። ሦስቱን የዛጉ ብሎኖች በአዲስ ተክቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ዶሮ ከማስገባቴ በፊት ከፍቼ ሳየው ማያያዣው እንደገጠምኩት ነጭ ነበር።