እማዬ ከሱጁድ ብቻዋን ተነሳች፣ ደሴ ላላችሁ ጥቆማ

ሰላም የደሴ ልጆች፣ አንዲት ባለሙያ ላመሰግን ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከሱጁድ መነሳት እያቃታት መጣ፣ መጀመሪያ ግድግዳ እየያዘች ነበር በኋላ ጭራሽ ወንበር ላይ ሆና መስገድ ጀመረች፣ እግሯም ቀጥኖ ታፋዋ ከቀሚሷ ስር አይታይም። የወሰድናት ክሊኒክ እርጅና ነው ብሎ ቫይታሚን አዞላት መለሰን፣ እኔም አምኜ ተቀምጬ ነበር።

ከዛ ጎረቤታችን ቤት ለቤት የምትሰራ ፊዚዮቴራፒስት ጠቆመችኝ። ልጅቷ ጉልበቷን አሽታ ትሄዳለች ስል "እማማ ትናንት ምን በሉ?" ብላ ጀመረች። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ እንጀራ በስስ ሽሮ፣ ማታም ያው። ሁሉንም ጻፈችውና ሚዛን ላይ አወጣቻት፣ 54 ኪሎ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል አለችኝ፣ ለእማዬ በቀን ከ54 እስከ 65 ግራም መሆኑ ነው። ያረጀ ጡንቻ የበላውን ፕሮቲን እንደ ወጣት ጡንቻ ስለማይጠቀምበት ለሌላው አዋቂ የሚባለው 0.8 ለሷ ያንሳል፣ ደግሞ ማታ ብቻ ከማጠራቀም በየማዕዱ ማከፋፈል ይሻላል። ግን ኩላሊት የታመመ ሰው ላይ ፕሮቲን መጨመር ሊጎዳ ስለሚችል መጀመሪያ ክሪያቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሰራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) አሰሩላት ብላ ያንን ሳታይ አልጀመረችም፣ እዚህ ላይ ነው ልቤ ያረፈው ወላሂ።

እኔ የፕሮቲን ፓውደር ልገዛ ነበር፣ አያስፈልግም አለችኝ። ጠዋት 2 እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 20 ግራም ይሆናል፣ ምሳ ወፈር ያለ ምስር ወጥ፣ ሲገኝ የሐይቅ አሳ። 100 ግራም አሳ 100 ግራም ፕሮቲን ይመስለኝ ነበር፣ ለካ 20 አካባቢ ነው።

ምግቡ ብቻውን አይበቃም ብላ ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አስጀመረቻት፣ በ5 ተጀምሮ 10 ደረሰ። እማዬ ስትደክም "አብሽሩ እማማ አንዷ ናት የቀረችው" ትላታለች፣ እማዬም ለሷ ስትል ትነሳለች።

ሦስት ወር ሆነን። ባለፈው መግሪብ ላይ ወንበሩን ገፋ አድርጋ መስገጃዋን መሬት ላይ አነጠፈች፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ልይዛት ተዘጋጅቼ ነበር፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብቻዋን ተነሳች። አላህ ይጨምርላት ይህችን ልጅ።

ሂሳቧ መጀመሪያ የነገረችኝ ነው፣ አልጨመረችም። ስልኳን ፖስት ላይ እንዳላወጣው ስለነገረችኝ ኢንቦክስ በሉኝ እልክላችኋለሁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ኮምቦልቻ ስለሆነች በሌላ ቀን ደውሉላት።