ሞተሪኖው ያዞራል፣ እሳት ግን የለም፦ ክፍተቱ የሚስተካከል የካንዴላ መፈተሻ ሲመዘን

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተር ሳይክሉ አልነሳ ካለና ቤንዚን መድረሱ ከተረጋገጠ፣ ቀጥሎ የሚታየው እሳት (የካንዴላው ብልጭታ) ነው። ብዙ ሰው ካንዴላውን ፈትቶ ካፑ (የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ) ላይ ይሰካና ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ አስደግፎ ያዞራል፤ ብልጭ ሲል ካየ «እሳት አለ» ብሎ ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። ይህ ዘዴ ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ደጋግሞ ያሳስታል። ክፍተቱ በብሎን የሚስተካከለው የእሳት መፈተሻ የተሠራው ይህን ስህተት ለማስቀረት ነው። በእኛ ግምት ከመልቲሜትር ቀጥሎ መገዛት ያለበት መሣሪያ እሱ ነው። ጉድለቶችም አሉበት፤ አንዳንዶቹ በተለይ ሞተር ሳይክል ላይ የሚወጡ ናቸው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ። የካንዴላ ክፍተት በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊሜትር ነው። ክፍት አየር ላይ ይህን ለመዝለል ትንሽ ቮልቴጅ ይበቃል። ሲሊንደሩ ውስጥ ግን ፒስተኑ አየሩን ስለሚጨምቀው፣ ያንኑ ክፍተት ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ የደከመ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ጥቅል) ውጭ ብልጭታ እያሳየ ውስጥ ሊከሽፍ ይችላል። መፈተሻው ግፊቱን በርቀት ይተካዋል፤ ክፍት አየር ላይ ክፍተቱን በማስፋት ኮይሉን ሲሊንደሩ ውስጥ ከሚያጋጥመው ጋር ለሚቀራረብ ሸክም ያጋልጠዋል። የያማሃ የጥገና መመሪያዎች ለብዙ ሞዴሎች ቢያንስ 6 ሚሊሜትር የሚዘል እሳት ይጠይቃሉ። ልኩን ከዚህ መውሰድ ይቻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሁለት ሹል መርፌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ የካንዴላ ካፕ ከሚሰካበት ጫፍ ጋር፣ ሌላው ከመዞሪያ ብሎኑና ከማሳ (ከሞተሩ ብረት ጋር የሚገናኝ የኤሌክትሪክ መመለሻ) መቆንጠጫው ጋር ይገናኛል። ብሎኑ ሲዞር መርፌዎቹ ይራራቃሉ ወይም ይቀራረባሉ። ባትሪም ሆነ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለው የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው።

ሲጠቀሙበት ካፑን ብቻ ይንቀሉ፤ ካንዴላው ከቦታው አይነሳ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ከካንዴላ ቀዳዳ የሚወጣ የቤንዚን ትነት ብልጭታውን አያገኘውም። ሁለተኛ፣ ሞተሪኖው ሙሉ ኮምፕሬሽን እየተሸከመ ስለሚያዞር ባትሪው በእውነተኛው ሸክም ውስጥ እያለ እሳቱ ይፈተናል። ካንዴላ ተፈትቶ ሲዞር ሞተሩ ይቀለዋል፣ ባትሪው ብዙም አይወርድም፣ ስለዚህ ድካሙ ይሸፈናል። መቆንጠጫውን ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ፣ ለምሳሌ የቴስታታ ብሎን ላይ ያስይዙ። ፍሬሙ በቀለም የተሸፈነ ስለሆነ ያታልላል። ክፍተቱን 3 ሚሊሜትር ላይ አድርገው ለ3 ወይም ለ4 ሰከንድ ያዙሩ፤ ከዘለለ ወደ 6 ያስፉት።

6 ሚሊሜትር ላይ ሰማያዊ ሆኖ «ጠቅ ጠቅ» የሚል እሳት ከታየ የኮይሉ ወገን ደህና ነው። ካንዴላውን በአዲስ ይቀይሩ፤ ካልሆነ የእሳቱን ሰዓት ይመልከቱ። ቮላኖውን (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረውን ባለ ማግኔት ከባድ ጎማ) ዘንጉ ላይ የሚያስረው ትንሽ የብረት ቁራጭ ተቆርጦ ከሆነ እሳቱ ጠንካራ ሆኖ በተሳሳተ ሰዓት ስለሚመጣ ይህ መፈተሻ አያሳየውም። 3 ላይ እየዘለለ 6 ላይ ከጠፋ፣ ወይም ቀጭንና ብርቱካንማ ከሆነ፣ የተዳከመ ባትሪ፣ ካፕ፣ ገመድ ወይም ኮይል ነው። 3 ላይም ምንም ከሌለ ወደ መልቲሜትሩ ይኬዳል። ከ8 ወይም ከ10 ሚሊሜትር በላይ አይክፈቱት። ቮልቴጁ መውጫ ሲያጣ የኮይሉን ውስጣዊ ሽፋን ሰብሮ መንገድ ያበጃል፤ በዚያ በኩል አንዴ ከቀደደ ኮይሉ ያለቀለት ነው። ካፑን አየር ላይ አንጠልጥሎ ማዞርም በዚሁ ምክንያት ክልክል ነው።

ሁለት ሲሊንደር በአንድ ባለ ሁለት ጫፍ ኮይል የሚያቃጥል ሞተር ላይ ከሆነ፣ ሁለተኛው ገመድ ማሳ የያዘ ካንዴላ ላይ መሰካት አለበት። በአንደኛው ጫፍ የወጣው እሳት በሌላኛው በኩል ስለሚመለስ፣ ያ ወገን ክፍት ከሆነ ጤነኛውም ኮይል እንደሞተ ይመስላል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ትልቁ የጫፉ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ መፈተሻዎች የተሠሩት ለመኪና ስለሆነ ጫፋቸው ላይ ወፍራም ቋሚ ፍሬ አለ። ብዙ የሞተር ሳይክል ካፖች ግን የሚይዙት ፍሬው የተነሳለትን ባለ 4 ሚሊሜትር ጥርስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ካፕ በወፍራሙ ጫፍ ላይ አይገባም፤ በግድ ቢጫኑት ውስጡ ያለው መያዣ ሽቦ ይከፈትና ኋላ ካንዴላውን ላልቶ ይይዛል። ይህ ማለት ያልነበረን ብልሽት በእጅ መፍጠር ነው። መፍትሔው ካፑን ከገመዱ ላይ ወደ ግራ አዙሮ መፍታት ነው፤ ብዙዎቹ ወደ ገመዱ እንደ ብሎን የሚገቡ ናቸው። ከዚያ የገመዱን የመዳብ ጫፍ ከመፈተሻው ጋር በደንብ ማስነካት። በአጋጣሚ ይህ ጥሩ ምርመራም ይሆናል፤ ያለ ካፕ እሳት ኖሮ ከካፕ ጋር ከጠፋ ጥፋተኛው ካፑ ነው። የኤንጂኬ ካፖች ብዙዎቹ 5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መገደቢያ) አላቸው፤ በመልቲሜትር ሲለካ ቁጥሩ ክፍት ከሆነ ወይም ብዙ ከራቀ ካፑ ይጣል። መልሰው ከመግጠምዎ በፊት ከገመዱ ጫፍ 5 ሚሊሜትር ያህል ቆርጠው ያልጠቆረ መዳብ ያውጡ። ገመዱ ወደ ኮይሉ የሚገባበት ቦታ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን መቁረጥ አያድነውም።

ሁለተኛው ጉድለት ቱቦው ላይ የታተመው ሚዛን ነው። ርካሾቹ ላይ መስመሩና እውነተኛው ክፍተት አይገናኙም። መርፌዎቹን በካሊፐር ወይም በክፍተት መለኪያ አስተካክለው 6 ሚሊሜትር የሚሆነውን ቦታ በቋሚ ቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ በኪሎ ቮልት የተጻፈውን ደግሞ እንደ ግምት ብቻ ይዩት። መቆንጠጫውም ደካማ ነው፤ ሞላው በቶሎ ይላላል፣ ሽቦው ከመቆንጠጫው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይበጠሳል። ማሳ ካልያዘ «እሳት የለም» ይላል፣ ጤነኛ ሲዲአይም (ኮይሉን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ተነቅሎ ይጣላል። ስለዚህ ከመጠቀምዎ በፊት ከመቆንጠጫው እስከ መርፌው ያለውን በመልቲሜትር ይለኩ፤ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት።

በካንዴላውና በካፑ መካከል የሚገባው ባለ መብራት መፈተሻስ? ጥቅሙ ሌላ ነው። ሞተሩ እየሠራ በየመሀሉ የሚቆራረጥን እሳት ለማየት ይረዳል፤ ኃይሉን ግን አይነግርም። ጠቁሮ በካርቦን የተደፈነ ካንዴላ ላይም ይበራል፣ በቀን ብርሃን ደግሞ ለማየት ያስቸግራል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚገዛ ሰው ባለ ክፍተቱን ይግዛ።

መፈተሻው የማይመልሰው ጥያቄ የትኛው ዕቃ እንደሞተ ነው። እዚህ ላይ ሰው ቸኩሎ ሲዲአይ ይገዛል፤ መጨረሻ መጠርጠር ያለበት ግን እሱ ነው፣ ምክንያቱም በኦም ተለክቶ የሚታወቅ አይደለም። ቅድሚያ ለማጥፊያው የሽቦ መስመር ይስጡ። በስታተር (ቮላኖው ሲዞር ኤሌክትሪክ በሚያመነጩት ጥቅሎች) በሚመገቡ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ማጥፊያውና ቁልፉ የሚሠሩት አንድ ሽቦ ማሳ ላይ በማስነካት ነው። ያ ሽቦ መሪው አካባቢ ተልጦ ፍሬሙን ከነካ፣ ሞተሪኖው እንደልቡ እያዞረ እሳት አይኖርም። ከሲዲአይ ሶኬቱ ላይ ይህን አንድ ሽቦ ነቅለው ያዙሩ፤ እሳት ከመጣ ሌላ ምንም አይግዙ። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ ከተነሳ በቁልፍ አይጠፋም፣ ስለዚህ ቤንዚኑን ወይም አየሩን ዘግቶ ለማጥፋት ተዘጋጅቶ መሞከር ግድ ነው። ከባትሪ በሚመገቡት ላይ ተቃራኒ ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት ሳጥኑ ጋ 12 ቮልት መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ፊውዙን፣ ማጥፊያውንና የጎን መቆሚያውን ማብሪያ ይከተሉ። ሞተሪኖው እያዞረ ባትሪው ከ10 ቮልት በታች ከወረደ፣ ሞተሪኖው ለመዞር በቂ ሆኖ ሳለ ሳጥኑ ሊተኛ ይችላል።

ቀጥሎ ፒካፕ ኮይል፣ ማለትም እሳቱ መቼ እንደሚወጣ ለሲዲአይ ምልክት የሚሰጠው ትንሽ ጥቅል። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ100 እስከ 250 ኦም አካባቢ ይለካል፤ ትክክለኛውን ከሞዴሉ መመሪያ ይውሰዱ። ክፍት ከሆነ ሞቷል። ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚበጠስም አለ፤ ስለዚህ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ወዲያው ይለኩ። ከቮላኖው ጉብታ ያለው ርቀት ከ1 ሚሊሜትር በታች መሆን አለበት፤ ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ የብረት ዱቄትም ምልክቱን ያደበዝዛል፣ ጠርገው ይሞክሩ። የሆንዳ መመሪያዎች ሲዞር ከፒካፑ ቢያንስ 0.7 ቮልት፣ ከኮይሉ መግቢያ ቢያንስ 100 ቮልት ጫፍ ቮልቴጅ (ለቅጽበት የሚደርስበት ከፍተኛ ቮልቴጅ) ይጠይቃሉ። ይህ በጫፍ መለኪያ አስማሚ እንጂ በተራ መልቲሜትር አይነበብም፤ ተራው በጣም ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ በዚያ ተነስቶ ዕቃ ማውገዝ ስህተት ነው። ኮይሉን ሲለኩ ደግሞ የመግቢያው ወገን ከ1 ኦም በታች ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ገመዶች አጋጥመው የሚያነበውን ይቀንሱ።

ፒካፑ ምልክት እየሰጠ፣ ምግቡ እየደረሰ፣ ማሳውም ተለክቶ ደህና ሆኖ ኮይሉ መግቢያ ላይ ምንም ከሌለ፣ ያኔ ሲዲአይ መግዛት ትክክል ነው። ሲገዙ ግን ባለ ባትሪውና ባለ ስታተሩ ሳጥን በመልክም በሶኬትም ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የተሳሳተውን መሰካት አዲሱን ሳጥን ሊያቃጥል ስለሚችል የሽቦዎቹን ቀለም ሳይሆን የየእግሩን ሥራ ያመሳክሩ።

መፈተሻውን ለመግዛት የወሰነ ሰው ሦስት ነገር ይመልከት። ቱቦው ዙሪያውን የተዘጋ ይሁን፤ ክፍት የሆነው ቤንዚን አጠገብ አደገኛ ነው። መዞሪያው ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት ጫፍ ያለው ማሳ ሲላላ እሳቱን ወደ እጅ ይልካል። የማሳ ሽቦው ደግሞ ከ30 ሴንቲሜትር አይነስ፤ አጭሩ ከታንኩ ሥር ያለውን ካንዴላ ይዞ ወደ ሞተሩ ብረት አይደርስም።