ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 በአዲስ አበባ አየር፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ሥራዬ የሕንፃ ምስል ማዘጋጀት ነው። አርክቴክቶች ሞዴሉን ይልኩልኛል፣ እኔ ብሌንደር በሚባለው ሶፍትዌር ሬንደር አደርጋለሁ፣ ማለትም ሞዴሉን ወደ ምስል እቀይራለሁ። ትልልቆቹ ፋይሎች የግራፊክስ ካርዴ ሜሞሪ ውስጥ ስለማይገቡ ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ትዕዛዝ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ሙሉ ጉልበቱን እየተጠቀመ ያድራል። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 9 7950ኤክስ ነው። 16 ኮር አለው፤ ሥራ ሲበዛበት እስከ 230 ዋት ይስባል። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚያወጣልኝ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 የሚባለው የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ (ኩለር) ነው። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ ነው ይዛልኝ የመጣችው።

ዲ15 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ የኦስትሪያ ኩባንያ ምርት ነው። ሁለት ረድፍ የአሉሚኒየም ክንፎች፣ ስድስት የመዳብ ቱቦዎችና ሁለት ባለ 140 ሚሊሜትር ፋኖች አሉት። ከነፋኖቹ 1.32 ኪሎ ይመዝናል። ቱቦዎቹ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ አለ። ፕሮሰሰሩ ጋ ሲሞቅ ይተናል፤ ክንፎቹ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ፓምፕ የለውም። በውሃ ከሚሠራው ይልቅ ይህን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። የውሃው ፓምፕ ከሞተ ሥራ ይቆማል፣ ምትኩንም እዚህ ማግኘት ፈተና ነው። ዲ15 ላይ ግን ሊበላሽ የሚችለው ፋኑ ነው። ፋን ደግሞ የትም አይጠፋም።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ዲግሪ ነው?» ብሎ ነው። ለዚህ ፕሮሰሰር ያ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኤኤምዲ 7950ኤክስን የሠራው እስከ 95 ዲግሪ እየሞቀ እንዲሠራ አድርጎ ነው። ቦታ ካገኘ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ 95 ሲደርስ ፍጥነቱን እየቀነሰ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ሙሉ ኃይል ሲለቀቅለት ጎበዝ ኩለርም ደካማ ኩለርም ያው 95 ሊያሳዩ ይችላሉ። ልዩነቱን የምታገኙት ጊጋኸርትዙ፣ ማለትም የፍጥነቱ ቁጥር ላይ ነው። ኤች ደብሊው ኢንፎ የሚባለውን የሙቀትና የፍጥነት መከታተያ ፕሮግራም ክፈቱና ከሙቀቱ ጎን የኮሮቹን ፍጥነት እዩ። ሬንደሩ ሲሞቅ የነበረው ፍጥነት ከሰዓታት በኋላም ካልወረደ ኩለሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የእኔ አይወርድም።

የውጭ ግምገማዎች ላይ የማታገኙት ጉዳይ ደግሞ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርም የሚገፋው አየር በክብደት ያንሳል፤ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም እንዲሁ። ስለዚህ ውጭ አገር በተለካ ቁጥር ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ዲግሪ ጨምሬ ነው የማስበው። የሚክሰን የከተማችን ብርድ ነው። በሐምሌ ሌሊት ክፍሌ በጣም ስለሚቀዘቅዝ የጎደለው ሁሉ ይመለሳል። ሰመራ ላለ ሰው ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ አይሳሳም፣ ክፍሉ ግን ገና ሥራ ሳይጀመር ግሏል።

ትልቁ እፎይታ የመጣው ግን ከባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ነው። ኢኮ ሞድ የሚባል አማራጭ አለ። እሱ ውስጥ 105 ዋት የሚለውን ስትመርጡ ፕሮሰሰሩ ቢበዛ የሚስበው 142 ዋት ይሆናል። የእኔ ሙቀት ከ95 ወርዶ ሰባዎቹ ውስጥ ረጋ። ሬንደሩ የሚዘገየው በትንሹ ነው፤ ለአዳር ሥራ ልዩነቱ አይታወቀኝም። የመጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት ለማግኘት ቮልቴጁ መጨመር አለበት፣ ቮልቴጅ ሲጨምር ደግሞ ዋቱ ይዘላል። ይህን ያህል ዋት ለዚያች ፍጥነት መክፈል አያዋጣም ባይ ነኝ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) ሥራዬን ሴቭ አድርጌ እስክዘጋ የሚሰጠኝ ጊዜ ረዝሟል። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር።

በጋ ሲገባ ደግሞ አቧራው ይመጣል። ሰፈሬ ግንባታ አይቋረጥም። ከኅዳር ጀምሮ የኬዙ ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ግራጫ ይለብሳል። ከማጣሪያው ያመለጠው አቧራ ከፊት ፋኑ ጀርባ፣ የክንፎቹ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ፋኑ ካልተነሳ አይታይም። ምልክት ግን አለው። ሥራው ያው፣ ዋቱ ያው፣ ክፍሉም ያው ሆኖ ሙቀቱ አራት አምስት ዲግሪ ከወጣ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ዲ15ን የምወድለት አንዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ፋኖቹ የተያዙት በሽቦ ስለሆነ ያለ ካቻቪቴ ይነሳሉ። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ በብሎወር አጸዳዋለሁ። ብሎወር ስትጠቀሙ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በኃይል ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። የኬዙ ፋኖች ከሚያስወጡት የሚያስገቡት አየር እንዲበልጥ ካደረጋችሁ ደግሞ አቧራው በየስንጥቁ አይገባም።

ድምፁ አያስቸግርም። ፋኖቹ ቢበዛ በደቂቃ 1,500 ዙር ነው የሚዞሩት፤ በኢኮ ሞድ እዚያም አይደርሱ። አጠገቡ እተኛለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ኬዛችሁን ለኩ። ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ስለሆነ ብዙ ጠባብ ኬዞች አይዘጉበትም። ራማችሁ ከ32 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ የፊት ፋኑ ከፍ ማለት አለበት፣ ያኔ ጠቅላላ ቁመቱም ይጨምራል። ቤት ስትቀይሩ ኬዙን በጎኑ አስተኝታችሁ ውሰዱት። በኮረኮንች መንገድ ከኪሎ በላይ ብረት ማዘርቦርድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንገጫገጭ ጥሩ አይደለም።

ዋጋው አሜሪካ 100 ዶላር ገደማ ነው፣ ዋስትናው 6 ዓመት። እ.ኤ.አ. በ2024 ስምንት ቱቦ ያለው ጂ2 የሚባል ተተኪ መጥቶለታል፤ እኔ ግን ለመቀየር ምክንያት አላየሁም። ገንዘቡ ከከበዳችሁ የተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢን እዩ። እሱም ስድስት ቱቦና ሁለት ፋን አለው፣ ቁመቱ 155 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ዋጋውም ከግማሽ በታች። ራይዘን 5 7600 ወይም ራይዘን 7 7700 ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ አብሮ የመጣውን ኩለር ሞክሩት። ሁለቱም 65 ዋት የተመደቡ ናቸው፣ ያ ኩለር ሊበቃቸው ይችላል።